ትከሻው የተጎዳ ቀስተኛ ደጋኑን መቼ ያንሳ?

ፍራንክፈርት ያለ ጓደኛዬ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "ስማ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ አንድ ነገር አጣራልኝ" ይላል።

ልጁ በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰፈሩ ያለ ክለብ ሄዶ በእንጨት ደጋን ቀስት ይወረውራል። ከአምስት ወር በፊት ከላይኛው መደርደሪያ ከባድ ካርቶን ሲያወርድ ቀኝ ትከሻው "ቋ" አለ። ሐኪሙ ጅማቱ በከፊል ተሰንጥቋል፣ ኦፕራሲዮን ግን አያስፈልግህም አለው። አሁን ሕመሙ ቀንሷል። ደጋኑ ግን እስካሁን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

"ልመለስ ወይስ ልተወው? ይሄ ትከሻ እኮ እንጀራዬም ነው" ብሎ ነው የጨረሰው።

ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ቮሊቦል የሚጫወት፣ ጂም የሚሠራ፣ ኩንታል የሚሸከም፣ በእስክስታ የሚተዳደር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሊጠይቀው ይችላል። የባህላዊው ቀስት ውርወራ ግን ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

▪️ ትከሻ ለምን ቶሎ ይጎዳል?

የዳሌ መገጣጠሚያ ጥልቅ ነው፤ ኳስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደገባ ማለት ነው። ትከሻ ግን እንደዛ አይደለም። የስኒ ማስቀመጫ ላይ ብርቱካን አስቀምጡና አስቡት። በየአቅጣጫው የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸውም ለዚሁ ነው።

ብርቱካኑ እንዳይንሸራተት የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ጅማቶቻቸው የክንዱን አጥንት ራስ እንደ ጣት ከበው ወደ መሃል ይስቡታል። ከላያቸው ደግሞ እንደ ጣሪያ ያለ አጥንት አለ። በጣሪያውና በኳሱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ፣ በተለይ ትከሻ ወደ ጆሮ ሲሰቀል፣ ቦታው ይበልጥ ይጠብና ጅማቱ ይፋተጋል።

ሌላው ችግር ጅማት እንደ ሥጋ ብዙ ደም አያገኝም። ስለዚህ የሚድነው ቀስ ብሎ ነው፤ በሳምንታት ብቻ ሳይሆን በወራት ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥንካሬው ግን ኋላ ነው የሚመጣው። "አሁን አያመኝም" ማለት "አሁን ይችላል" ማለት አይደለም።

▪️ የእንጨቱ ደጋን ለምን ይከብዳል?

ዘመናዊው ባለ ጎማ ደጋን አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ የተፈለሰፈ ነው፤ ፓተንቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ጫፎቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ሥራውን ያቀሉታል። መጀመሪያ ይከብዳል፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ግን እጅ ላይ የሚቀረው የክብደቱ ትንሽ ክፍል ነው። ተረጋግቶ ማነጣጠር ይቻላል።

በባህላዊው ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። በሳባችሁት ቁጥር ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ደግሞ ልክ በምታነጣጥሩበት ሰዓት ነው። የቱርክ ታሪካዊ ድራማ ላይ ጀግናው ደጋን ስቦ እያወራ ሲቆይ ታያላችሁ አይደል? በእውነተኛ ከባድ ደጋን ቢሆን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በቁጥር እንየው። ለአዋቂ የተለመደ የሚባል 40 ፓውንድ ደጋን ሲሳብ ወደ 18 ኪሎ ይከብዳል። በአንድ ቅዳሜ 100 ቀስት የወረወረ ሰው 18 ኪሎን 100 ጊዜ ስቧል። ድምሩ 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል ነው። ያውም ባልታከመ ትከሻ!

▪️ አጥንቱ ራሱ ይመሰክራል

"ሜሪ ሮዝ" የምትባል የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1545 ፖርትስማውዝ አጠገብ ሰመጠች። በ1982 ቅሪቷ ከባሕር ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። ከውስጧ ከ130 በላይ ሙሉ ደጋኖችና ከ3,500 በላይ ቀስቶች ተገኝተዋል። ደጋኖቹን ያጠኑ ሰዎች እንደሚገምቱት ብዙዎቹ ሲሳቡ ከ45 ኪሎ በላይ ይከብዱ ነበር።

የሰዎቹም አጽም አብሮ ተገኝቷል። የትከሻ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ አጥንት አለች፤ ሰው ሃያዎቹን ዕድሜ ሲያጋምስ ከሌላው አጥንት ጋር ትጋጠማለች። ከሜሪ ሮዝ አጽሞች መካከል ግን ከተለመደው በላይ በሆኑት ላይ ሳትጋጠም ቀርታለች። ተመራማሪዎች የሰጡት ግምት ሰዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከባድ ደጋን የሚስቡ ቀስተኞች ነበሩ የሚል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ወንዶች በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመዱ ንጉሥ ያዘዘው በ1363 ነበር፤ ማለትም ሥልጠናው ትውልድ የተሻገረ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትከሻ ሸክሙን እንደሚመዘግብ ነው። ቀስ ብሎ ከተለማመደ ይጠነክራል። በአንዴ ከተጫነበት ይቀደዳል።

▪️ እሺ፣ እንዴት ይመለሳል?

መጀመሪያ ሐኪም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ እጅ ወደ ላይ አልነሳ ካለ፣ ከደነዘዘ ወይም ትከሻው ወልቆ ከነበረ፣ ደጋን ቀርቶ ፌስታልም ባይነሳበት ይሻላል። ወጌሻ ጋ መሄድ የለመድነው ነገር ነው፤ ግን የተሰነጠቀ ጅማት በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ሊብስበት ይችላል። በምርመራ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አታሳሹት። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ደግሞ ቀኑን የሚቆርጥለት ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ከደጋን በፊት ላስቲክ። ፊዚዮቴራፒ ቤት የሚሰጡት ተለጣጭ ላስቲክ ማለቴ ነው። ክርንን ጎን ላይ አጣብቆ መዳፍን ወደ ውጭ መሳብ ትንንሾቹን ጡንቻዎች ይቀሰቅሳል። ሁለቱን ሰፋፊ የጀርባ ትከሻ አጥንቶች ወደ መሃል ማቀራረብ ደግሞ የጀርባውን ጡንቻ ያሠራል። ጥሩ ቀስተኛ የሚስበው በክንዱ አይደለም፤ በጀርባው ነው።

ሦስተኛ፣ የድሮውን ደጋን አትንኩ። የመጀመሪያው ደጋን የበፊቱን ግማሽ ቢከብድ ይበቃል፤ 20 ፓውንድ ወይም 9 ኪሎ አካባቢ። መጀመሪያ ያለ ቀስት ስቦ፣ ትንሽ ይዞ፣ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ልብ በሉ፦ ቀስት ሳይኖርበት ገመዱን በፍጹም አትልቀቁት። ደጋኑ ሊሰበርና ሊጎዳችሁ ይችላል።

አራተኛ፣ ከአምስት ስድስት ሜትር ርቀት ትልቅ ኢላማ ላይ ከ12 እስከ 20 ቀስት። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት። ስትጨምሩ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ወይ ቁጥሩን ወይ ክብደቱን፣ ሁለቱን በአንዴ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ዳኛው የነገ ጠዋት ነው። ስትወረውሩ ትንሽ ቢሰማችሁና ጠዋት ጠፍቶ ቢገኝ ቀጥሉ። ጠዋት ብሶ ከጠበቃችሁ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ደግሞ ወዲያው ማቆም ነው።

ለጓደኛዬ ግን ከሁሉም በላይ የነገርኩት ሌላ ነው። ትከሻው ሥራና ጨዋታን ለይቶ አያውቅም፤ አንድ ሂሳብ ነው ያለው። አርብ ሙሉ ቀን ካርቶን ካወጣና ካወረደ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሂሳቡ ባዶ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሳምንት ቀስቱን ወደ እሑድ ማዛወር ወይም መዝለል ይሻላል። በጨዋታ የተቀደደ ጅማት ሰኞ ደመወዝ ያስቀራል።

▪️ እንደ ድሮው ባይሆንስ?

አንዳንዱ እጅ ይቀይራል፤ ቀኝ ሲጎዳ በግራ መሳብ ይለምዳል። ይቻላል፣ ግን ደጋኑን የሚገፋው እጅም ትከሻ ላይ ይጫናል፤ ስለዚህ የተጎዳው ወገን መግፋቱን መቻሉ በቀላል ደጋን ይሞከር።

የቀስት ውርወራ ታሪክ ራሱ ለተጎዳ ሰው ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል በሚባል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን 16 የጦር ጉዳተኞችን በዊልቸር እንዳሉ ቀስት አወዳደራቸው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ነው ያደገው። የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል በ1984 በዊልቸር ሆና ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድራለች። ያለ ክንድ የተወለደው አሜሪካዊው ማት ስቱትዝማን ደግሞ በዘመናዊው ደጋን፣ በእግሩ ይዞ፣ በ2012 ለንደን ላይ ብር፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ አግኝቷል።

ጓደኛዬ ከክለቡ ባለ 20 ፓውንድ ደጋን ተውሷል። "የሕፃን ደጋን ነው እያሉ ይስቁብኛል" አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ፎቶ ላከ፦ 12 ቀስት፣ ኢላማው ላይ የተሰኩት አምስት።

እሑድ ጠዋት ደወልኩለት። ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም "ትከሻህ እንዴት አደረ?" አልኩት።

"ደህና አደረ" አለኝ። "ከኔ የተሻለ ነው የተኛው።"