ወተት በጉንጬ፦ ከእህሉ እስከ ብራናው፣ ከብራናው እስከ ፊደሉ

የወሎ ገበሬ ከማሽላዎቹ አንዱን «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ወተት ወተት ስለሚል ነው። በ1973 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች አንድ በአንድ ተመረመሩ። ማሽላ በተፈጥሮው የሚያንሰው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት የተገኘው በሁለት ዓይነቶች ብቻ ነበር። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከዚያው ከወሎ የሄዱ ናቸው። ግኝቱ በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሞ ዓለም ተቀባበለው። ገበሬው ግን ላብራቶሪ ሳያይ ደህናውን ዘር ለይቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ለእሸት የሚሆነውን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ሲዘራ ኖሯል።

ስለ አገራችን ምርምር ባሰብኩ ቁጥር ይህ ማሽላ ይመጣብኛል። ዕውቀቱ ከማን ተነሣ? ናሙናው የት ተቀመጠ? መልሱስ ለማን ተነገረ? በእህሉም፣ በብራናውም፣ በፊደላችን ኤሌክትሮኒክስም ያለፉትን ዘመናት ስንዳስስ የምናገኘው ጉዞ የእነዚህ ጥያቄዎች ጉዞ ነው።

መነሻው ብራና ነው። የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ደርሰው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ። ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የተባለበትን የሰዋስው፣ የመዝገበ ቃላትና የታሪክ ሥራ ያነጸው እኚህ አባት ባስተማሩት ላይ ነው። ደግነቱ ሉዶልፍ ውለታውን አልደበቀም፤ የመምህሩን ስም በመጽሐፉ አኖረው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲህ አላደረጉም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ አውሮፓ ሲገባ፣ ሙሉው ቃል በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረ መጽሐፍ መሆኑ ሊቃውንቱን አስደነቀ። ለዘመናት እየገለበጡ ያቆዩት ጸሐፍት ግን ስማቸው እንኳ አልተጠየቀም።

ከዚያ 1868 መጣ። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ አብሮ ተጉዟል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያናቸው ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው በ1872 አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። ይህችን አንዲት መመለስ የማስታውሰው ቀሪዎቹም ሊመለሱ እንደሚችሉ ስለምታሳይ ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በሮም የታተሙት ካታሎጎች ትልቅ የምርምር ሥራ መሆናቸው አይካድም። አንድ የጎንደር መምህር ግን የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት።

የእህሉም ነገር ከዚህ አይለይም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በበቅሎ ጓዝ አገራችንን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ በዱረም ስንዴና በገብስ ዓይነት ብዛት ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ። የሰበሰበውም ሌኒንግራድ ገባ። በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋም ዘረመል ሲፈለግ የተገኘው በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። በ1964 እና 1965 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን የጫካ ቡናችንን ዘር ሰብስቦ ኮስታሪካን ጨምሮ ለተለያዩ አገሮች አከፋፈለ። በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ እንደ ስርቆት አይታይም ነበር፤ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው ይባል ነበር። እኔም ዘር መሻገሩ ክፉ ነው አልልም፤ በቆሎና በርበሬ ወደ እኛም ተሻግረው መጥተዋል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሰብሳቢው ሲመለስ ለሰጪው ያስቀመጠለት ምንም አልነበረም።

አቅጣጫው መለወጥ የጀመረው አገር ውስጥ ተቋም ሲቆም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ጣቢያው የምድርን መግነጢስና የመሬት መንቀጥቀጥን በራሱ መሣሪያዎች መመዝገብ ጀመረ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963፣ የእርሻ ምርምር ተቋም በ1966 ቆሙ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያች እይታም የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚያጠፋ ምርምር ተወለደ። እዚህም ላይ የመጀመሪያው ዕውቀት የአጣቢዎቹ ነበር። እንዶድን ለሳሙና መርጠው አጥበውበት ኖረዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መታጠፊያ 1973 ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና ሁለት የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው የተነሡበት ሐሳብ ቀላል ነው፦ መጽሐፉ ፎቶ ይነሣና ለባለቤቱ ይመለስ። ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ ይቀመጥ፣ አንዱ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብራናው ሳይሰደድ ንባቡ ተሻገረ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀርጸዋል።

የእነዚህን ፊልሞች ካታሎግ ካዘጋጁት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1975 በጥይት ተመትተው እግራቸው ከመንቀሳቀስ ታገደ፤ በ1976 ሚኒሶታ ገብተው ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ፊልሞች ለአሥርት ዓመታት አንድ በአንድ አነበቡ። የካታሎግ ሥራ ከውጭ ለሚያየው ደረቅ ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን መጻፍ፣ የጸሐፊውንና የአስጻፊውን ስም መልቀም፣ በኅዳግ ላይ የተጻፈውን የርስት ውል፣ የስጦታ ማስታወሻና የረኀብ ዘመን መዝገብ መለየት ነው። ጌታቸው ግን የቄስ ትምህርት ቤቱንም የዩኒቨርሲቲውንም መንገድ ያውቁ ነበርና ከዚያ ድርደራ ውስጥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዘመን ሃይማኖታዊ ክርክርና የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ አወጡ። ደቂቀ እስጢፋኖስን በአማርኛ አሳትመው ለአገራቸው አንባቢ ሰጡ። ይህን መጨረሻውን ነገር አስምሩበት።

ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ ወደ መጽሐፉ መምጣት ለምዷል። ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፈ ነው ይባል ነበር። ቅንጣት ብራና ኦክስፎርድ ተልኮ በካርቦን ሲለካ ጥንታዊው ጥራዝ ከ390 እስከ 570 ባለው ጊዜ መሆኑ ታወቀ። መነኮሳቱ ከመጀመሪያውም ዕድሜውን ወደ ገዳሙ መሥራች ወደ አባ ገሪማ ዘመን ሲያደርሱት ኖረዋል። የወንጌሉ ጥገናም እዚያው በገዳሙ ግቢ ተሠራ። አጽሙም እንደዚሁ ነው፦ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ለጥናት ክሊቭላንድ ሄዳ በ1980 ተመለሰች፤ ዛሬ ተመራማሪው ቅሪተ አካል ለማጥናት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይመጣል።

በዘር በኩል ተመሳሳዩ ለውጥ በ1976 ተደረገ። በጀርመን መንግሥት እርዳታ የዘር ባንክ አዲስ አበባ ላይ ቆመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከዚያ የወጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ አንድ ነገር ገባቸው። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም። በ1984 እና 1985ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እስከ መብላት ሲደርስ ሰብስቦ ማዳን ያስፈልግ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ዘሩን ወደ ገበሬው ማሳ መልሶ፣ ከእሱ ጋር እየመረጡ ማሻሻል ተጀመረ። ገበሬው ናሙና ሰጪ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ባልደረባ ሆነ። በ1989 ዶክተር መላኩም ዶክተር አክሊሉም «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በአንድ ዓመት መቀበላቸው አጋጣሚ ቢሆንም ለእኔ ትርጉም አለው።

ቡናን ተመልከቱ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠቁር የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒት ብቻ አልጠበቁም፤ ጫካና ጓሮ እየዞሩ በሽታው ያልነካውን ዛፍ ፈለጉ። የተገኙት ዛፎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው በ1974 ስለተመረጡ ነው። ዛሬ 74110 እና 74112 የሚሉት ቁጥሮች በሲዳማና በጌዴኦ ቡና አምራች አንደበት አሉ፤ ውጭ አገር በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይም ይጻፋሉ።

ጤፍማ ለብቻው ታሪክ ነው። የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት አንድ ግራም የማይሞላ እህል ነው፤ አበባውም በዓይን አይያዝም። ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለዓመታት ታመነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደብረ ዘይት ላይ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ምስጢሩን አገኘ፦ አበባው ንጋት ላይ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሥራው በማጉያ መነጽርና በቀጭን መርፌ የሚሠራ የትዕግሥት ሥራ ሆነ። በ2006 የወጣው ቁንጮ የዚህ ልጅ ነው። ምርታማነቱን ከዱከም፣ ንጣቱን ከማኛ ወረሰ። ገበሬው ምርቱን ብቻ ሳይሆን ገበያ ላይ የሚፈለገውን ነጭ ቀለም እንደሚመርጥ ተመራማሪዎቹ ሰምተውት ስለሠሩ ዝርያው ከአገር አገር ተዛመተ።

በዚያው ዘመን ጤፋችን ውጭ አገር ሌላ ነገር ገጠመው። ከኢትዮጵያ ጋር በ2005 የዘር ስምምነት የተፈራረመ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከስምምነቱ ኢትዮጵያ ያገኘችው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱ አዲስ ብልሃት የለውም ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። እንጀራ ጋጋሪ እናቶቻችን ይህን ያለ ፍርድ ቤት ያውቁት ነበር።

ፊደላችን ወደ ማሽን የገባበት መንገድ ደግሞ ሦስተኛው ፈትል ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ታገለ፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደል ግን በጥቂት ቁልፎች አይገባምና በመኪናው ላይ እግሩና እጁ ተቀጥሎ ይታተም ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ሲመጣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ስላወጣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣ ነበር። ያን ዘመን የጽሕፈት ሥራ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ያ መከራ መንገድ አገኘ። የታተመ አማርኛን ማሽን እንዲያነብ የተደረገው ጥናት በ1997 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በወጣ የማስተርስ ጽሑፍ ነው የተጀመረው። በ2005 ደግሞ 100 ሰዎች ያነበቡት ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ የአማርኛ ድምፅ ተሰብስቦ ለንግግር ማወቂያ ጥናት መሠረት ሆነ። አሁን ያለው ፈተና በእጅ የተጻፈውን ብራና ማሽን እንዲያነብ ማድረግ ነው። ያ ከተሳካ ጌታቸው ኃይሌ በዓይናቸው የለቀሙትን ዓይነት ማስታወሻ በሺህ ከሚቆጠሩ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ መፈለግ ይቻላል።

እንግዲህ ናሙናው አገሩ ገብቷል፤ ተመራማሪውም የአገር ልጅ ሆኗል። መልሱ ግን አሁንም ይሰደዳል። ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍሎች በቀር የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ተሟግተው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ማሽላው የተጻፈውን ባለ ማሽላው፣ ስለ ብራናው የተጻፈውን ቄሰ ገበዙ አያነቡትም። ይህን መጠገን አይቻልም የሚል ካለ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ይመልከት። ከ2014 ጀምሮ ገበሬ በዚህ ቁጥር ደውሎ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሲሰማ ቆይቷል። እህሉና ኤሌክትሮኒክሱ እዚያ ላይ ተገናኝተዋል።

ዘንድሮ የምርምር ጽሑፍህን የምታስረክብ፣ የምታስረክቢ ወጣት ሁሉ፦ ከእንግሊዝኛው ጀርባ ናሙናውን የሰጠሽ ሰው በሚያነበው ቋንቋ አምስት ገጽ ጨምሪ፤ ጨምር። አማካሪዎችም ያን አምስት ገጽ ሳታዩ አትፈርሙ። አንዱን ቅጂ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ ለደብሩ ዕቃ ቤት፣ ለወንዙ ዳር አጣቢዎች ማኅበር ውሰዱት፤ ሄዳችሁም አንብቡላቸው።