ማልቀሱን ያቆመ ሕፃን

እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ልጁን ሆስፒታል ያስተኛ ወላጅ ልጁን የሚያየው ሆስፒታሉ በቆረጠለት ሰዓት ብቻ ነበር። ጋይስ ሆስፒታል እሑድ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። ሴንት ቶማስ በመጀመሪያው ወር ጭራሽ መጠየቅ የለም፤ እናትና አባት ማታ መጥተው፣ ልጃቸው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ አይተውት ይመለሳሉ። ሎንደን ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ወላጆቹ በግርዶሽ ማዶ ያዩታል እንጂ አጠገቡ አይደርሱም።

እኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ይህን ማመን ይከብድ ይሆናል። እዚህ ሐኪሙ ገና ክፍሉ ሲገባ «አስታማሚው ማነው?» ይላል። መድኃኒት የሚገዛው፣ ናሙና ላብራቶሪ የሚያደርሰው፣ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ዘመድ ነው። ፔርሙስና ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ከዘበኛ ጋር የሚጨቃጨቀውን ጠያቂማ ማን ቆጥሮት! የእንግሊዞቹ ሕግ ግን ከጭካኔ የመጣ አልነበረም። በአንድ በኩል ጠያቂ በሽታ ይዞ ይገባል ተብሎ ይፈራ ነበር። በሌላ በኩል ነርሶቹ በዓይናቸው ያዩት ነገር አለ፦ እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ ይጮሃል፣ ክፍሉ በሙሉ ይከተለዋል። ማንም ካልመጣ ግን ሁለት ሦስት ቀን አልቅሶ ዝም ይላል። የሰጡትን ይበላል፣ ባስተኙት ይተኛል። በቃ፣ ለመደ ይባላል።

ያዩት ትክክል ነበር። የተሳሳቱት የዝምታው ትርጉም ላይ ነው።

ስህተቱን ያሳየው ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሐኪም አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ በለንደን ሃምፕስቴድ በከፈተችው የሕፃናት ማቆያ የማሞቂያ ቦይለር ይጠብቅ ነበር። ባለቤቱ ጆይስም እዚያው ሕፃናት ትንከባከባለች። አና ፍሮይድ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ልጆቹ ያየውን በካርድ ላይ እንዲጽፍ ታዝዝ ስለነበር፣ የቦይለር ጠባቂው ልጅን አተኩሮ ማየት የተማረው ከዚያ ነው። በ1948 ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ የቀጠረው ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙና ሳይኮአናሊስቱ ጆን ቦውልቢ ነበር።

ቦውልቢ ከሙያ ወገኖቹ ጋር አይስማማም ነበር። ከእሱ አስተማሪዎች አንዷ ሜላኒ ክላይን ናት፤ እሷና ተከታዮቿ የሕፃንን ጭንቀት ምንጭ የሚፈልጉት በሕፃኑ ምናብ ውስጥ ነው። በ1938 ቦውልቢ በእሷ ክትትል ሥር አንድ የ3 ዓመት ቅብጥብጥ ልጅ ሲያክም እናቲቱን እንዳያነጋግር ተከልክሎ ነበር። እናቲቱ ታማ ሆስፒታል ስትገባ እንኳ ነገሩ ከልጁ ችግር ጋር አልተያያዘም። በልጁ ላይ በእርግጥ የደረሰው ነገር ሊቆጠር ይገባል የሚለው ሙግቱ ዛሬ ለእኛ ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ከማኅበርተኞቹ አጣልቶታል።

ሮበርትሰን የሕፃናት ክፍሎች ውስጥ እየተቀመጠ ልጆቹን ሲከታተል ሦስት ደረጃዎችን ለየ። በመጀመሪያው ልጁ ይቃወማል፦ ይጮሃል፣ በር በሩን ያያል፣ የቀረበውን ሁሉ ይገፋል። በሁለተኛው ተስፋ ይቆርጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፤ ነርሶቹ ዕረፍት የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ለሁሉም ሰው ፈገግ ማለት ይጀምራል፣ እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ይሆናል። ለሐኪሞች ይህን ሲነግራቸው አጋነንክ አሉት። ስለዚህ ካሜራ ገዛ።

በ1952 ያሳየው ፊልም ሎራ የምትባል የ2 ዓመት ከ5 ወር ልጅ ለእምብርት ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የቆየችባቸውን 8 ቀናት ይከተላል። መርጦ አመጣት እንዳይባል ልጅቷን ያገኛት ከተጠባባቂዎች ዝርዝር በዕጣ ነው። ቆርጦ ቀጠለ እንዳይባልም የግድግዳው ሰዓት በምስሉ ውስጥ እንዲታይ አደረገ። ዕጣው ለእሱ የማይመች መስሎ ነበር፤ ሎራ ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው በላይ እንባዋን የምትውጥ ልጅ ሆና ተገኘች። ብዙ አትጮህም። የጨርቅ ድቧን አቅፋ አልጋዋ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ፊቷ ሊያለቅስ ይልና መልሳ ታረጋጋዋለች። እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ፊቷን ታዞራለች። የምትወጣ ዕለት ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ለቅማ ያዘች፤ እናቷ እጇን ስትዘረጋላት ግን አልያዘችም። ከወራት በኋላ ወላጆቿ ፊልሙን ሲያዩ ሎራም አየችው፤ ወደ እናቷ ዞራ ያን ጊዜ ሁሉ የት ነበርሽ ብላ በቁጣ ጠየቀቻት። ረስታለች የተባለችው ልጅ ጥያቄዋን ይዛው ከርማለች ማለት ነው።

ፊልሙ በዚያው በ1952 በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲሲን ስብሰባ ላይ ሲታይ የታደሙት ሐኪሞችና ነርሶች ተቆጡ፤ የሙያቸው ክብር የተነካ መሰላቸው። ከተቆጡት አንዱ የአመርሻም ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ደርሞድ ማካርቲ ነበር። እሱ ግን ወደ ራሱ ክፍል ተመልሶ ልጆቹን ሲያይ ሮበርትሰን ያለውን አገኘው፤ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ ፈቀደ። በ1958 የሮበርትሰን ሁለተኛ ፊልም የተቀረጸው እዚያው አመርሻም ነው። በ1959 ፕላት ሪፖርት የተባለው የመንግሥት ኮሚቴ ሰነድ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለወላጆች በራቸውን እንዲከፍቱ መከረ። ብዙዎቹ ለመፈጸም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ዝም ያለ ልጅ ውስጡ ምን እንደሚሆን የታወቀው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። ከቦውልቢ ጋር ትሠራ የነበረችው ሜሪ ኤንስወርዝ በ1954 ወደ ዩጋንዳ ሄዳ፣ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። ሕፃናቱ እየዳሁ ይርቃሉ፣ ዞር ብለው እናታቸውን ያያሉ፣ መኖሯን ሲያረጋግጡ ደግሞ ይርቃሉ። በኋላ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሙከራ አዘጋጀች፦ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር ይጫወታል፣ እንግዳ ሰው ይገባል፣ እናት ሁለት ጊዜ ወጥታ ትመለሳለች። ኤንስወርዝ ይበልጥ የመዘነችው የመመለሻዋን ደቂቃ ነው። ከሦስት ሁለት እጅ የሚሆኑት ልጆች ወደ እናታቸው ሄደው ተጽናንተው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ጥቂቶቹ እቅፏ ውስጥ ሆነው እንኳ አልረጋ አሉ። የቀሩት ቀና ብለው ሳያዩዋት መጫወቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ላያቸው ሰው ጨዋና ራሳቸውን የቻሉ ናቸው።

በ1977 አሜሪካውያኑ አለን ስሩፍና ኤቨረት ዋተርስ እንደ መጨረሻዎቹ ያሉ ልጆችን የልብ ምት ለኩ። ፊታቸው ላይ ምንም ባይታይም ልባቸው በፍጥነት ይመታ ነበር። በ1993 ጀርመን ውስጥ ጎትፍሪድ ሽፓንግለርና ክላውስ ግሮስማን ምራቃቸውን ሲመረምሩ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከሙከራው በኋላ ከፍ ብሎ አገኙት። አመድ የለበሰ ፍም ነው።

መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ «ብስኩት ገዝቼልህ ልምጣ» ብላ ሹልክ የምትል እናት እዚህ ላይ ልታስብበት የሚገባ ነገር አላት። ልቅሶውን በጆሮዋ አለመስማቷ ቀላል ያደርግላታል። ልጁ ግን እናቱ ሳትነግረው ልትጠፋ እንደምትችል ስለተማረ፣ በማግሥቱ ቀሚሷን ይዞ አልለቅም ይላል። ልትሄድ መሆኗን ነግራው፣ ሲያለቅስ እያየችው መሄድ ይሻላል።

ስለ እናትና ልጅ መለያየት የተገኘው ይህ ትምህርት ያለ ልኩ የተወጠረበት ጊዜም አለ። ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት የጻፈው ዘገባ ሥራ የሚወጡ እናቶችን መውቀሻ ሆኖ አገልግሏል። ማይክል ራተር በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ ከአንድ ሰው በላይ ሊተሳሰር እንደሚችል፣ ጉዳቱም መለየት ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁኔታና የእንክብካቤው ጥራት ድምር እንደሆነ አሳየ። በ1987 ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር በዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ላይ ባወጡት መጠይቅ ተመሥርተው ሦስቱን የሕፃናት ዓይነቶች ወደ አዋቂዎች ፍቅር ካመጡ ወዲህ ደግሞ ፈሩ ለቀቀ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ስልክ ያላነሳ ፍቅረኛ ሁሉ «የሚሸሽ ዓይነት» ተብሎ ይፈረጃል። በአንድ ዓመቱ የታየው ባሕርይ በሃያ አምስት ዓመቱ እንደሚደገም የሚያሳየው ማስረጃ ግን ደካማ ነው፤ ሰው በጥሩ ጓደኛም በጥሩ ትዳርም ይለወጣል።

ከእኛ ኑሮ ጋር በጣም የሚገናኘው የሮበርትሰን ባልና ሚስት የኋላ ሥራ ይመስለኛል። ጆን የተባለ የ17 ወር ልጅ እናቱ እስክትወልድ ድረስ 9 ቀን ሕፃናት ማቆያ ሲቆይ ቀረጹት፤ ነርሶቹ ደጎች ናቸው፣ ግን በየፈረቃው ይለዋወጣሉ፣ ጆንም እየጠወለገ ሄደ። በሌላ በኩል እናቶቻቸው ሆስፒታል የገቡ አራት ልጆችን ሮበርትሰኖች ተራ በተራ ቤታቸው ወስደው ጆይስ ራሷ አቆየቻቸው። ልጆቹ አስቀድመው ቤቱን እንዲለምዱ ተደረገ፤ አልጋቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ መጫወቻቸውንና የእናታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ፣ ስለ እናታቸውም ይወራላቸው ነበር። ናፈቁ፣ አንዳንዴም ተነጫነጩ፤ እንደ ጆን ግን አልፈረሱም።

ቤሩት ወይም ሪያድ ለሥራ የሄደች እናት ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ልጇ አያቱ ቀሚስ ውስጥ ተደብቆ አያቱን «እማዬ» ሲል ትሰማለች፤ ልቧ ይሰበራል፣ ጎረቤትም «ረስቶሻል» ይላታል። ይህ ልጅ ግን እንደ ሎራ አይደለም። በእናቱ ፋንታ የሚጠጋበት አንድ ሰው አግኝቷል፤ አያቲቱም ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። አሳሳቢው የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እናት በናፍቆት ልጁን ይዛ አዲስ አበባ ወደ ተከራየችው ቤት ስትገባ ለእሱ ያ ቀን ከእናቱ የተለየበት ቀን ነው። እሷ መጀመሪያ አያት ቤት ከርማ ልጁን ብትላመደው፣ ከዚያም የሚተኛበትን ብርድ ልብስና የአያቱን ፎቶ ይዞ ቢሄድ፣ ማታ ማታም በስልክ አያቱን ቢያናግር ይሻላል፤ ጆይስ ሮበርትሰን ለአራቱ ልጆች ያደረገችውም ይህንኑ የመሰለ ነበር።