የጾም ድርብ ብስኩት እና የስኳር ሕመም፦ በቤት እንዴት ይጋገራል? ምን ያህልስ ይበላል?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ እንደሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ በጾም ቀን ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ንፍሮ ይቀርባል። አሁን አሁን ደግሞ ከሱቅ የተገዛ ወይም በቤት የተጋገረ፣ መሐሉ ጣፋጭ የተቀባ ድርብ ብስኩት አብሮ መቅረቡ የተለመደ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት አንዱን አንስታ «ጾም ነው እኮ፣ ምን አለው?» ብትል ከቤተሰቡ የሚከለክላት ላይኖር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብስኩቱን መከልከል አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስኳሩን ቀንሶ እንዴት እንደሚጋገር፣ እንዲሁም መቼ እንደሚበላና መቼ እንደማይበላ ማስረዳት ነው።

«የጾም» የሚለው ቃል ምን ይነግርዎታል?

አንድ ብስኩት የጾም ነው ሲባል ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ስለ ስኳሩና ስለ ዱቄቱ ግን ቃሉ ምንም አይነግረንም። ከነጭ ዱቄት የተሠራ ብስኩት ሆድ ውስጥ ቶሎ ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። መሐሉ የሚቀባው ክሬም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዱቄት ስኳርና የረጋ የአትክልት ቅባት ድብልቅ ነው። 100 ግራም የዱቄት ስኳር 25 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የረጋው ቅባት በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ከሆነም ትራንስ ፋት ስለሚኖረው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የታሸገ ብስኩት ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የስኳርና የካርቦሃይድሬት መጠን ያንብቡ።

ማርም ቢሆን ስኳር ነው። የጎጃም ማር መልካም ስም ቢኖረውም በስኳር ፈንታ ማር መጨመር የደምን ስኳር ከመጨመር አያድንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ20 ድርብ ብስኩት)

ለብስኩቱ፦
• የጤፍ ዱቄት፣ 100 ግራም
• ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም
• ስኳር፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ (24 ግራም)
• የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
• የተፈጨ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ የተበጠበጠ
• ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
• ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር

ለመሐሉ፦
• ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ 100 ግራም
• ስኳር ያልገባበት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ (60 ግራም)

ተልባው የእንቁላልን ቦታ ይተካል፤ ውሃ ሲነካው ስለሚያጣብቅ ሊጡን ይይዘዋል። ኦቾሎኒውን በቤት የሚፈጩ ከሆነ የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ለይተው ይጣሉ። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመርት ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

አሠራር

1. ተልባውን በውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩት።
2. ዱቄቶቹን፣ ስኳሩን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ቀረፋውንና ጨውን ያደባልቁ። ዘይቱን ጨምረው በእጅ ያሹት።
3. ተልባውን ይጨምሩ። ሊጡ እስኪሰበሰብ ድረስ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ቀስ በቀስ ያክሉ። ሸፍነው 20 ደቂቃ ያሳርፉት።
4. 3 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስተው ይዳምጡትና በሲኒ አፍ 40 ክብ ይቁረጡ።
5. በኦቨን ከሆነ በ170 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይጋግሩ። ኦቨን ከሌለ የኤሌክትሪክ ምጣድን በትንሽ ሙቀት ከድነው፣ አንድ ጊዜ እያገላበጡ መጋገር ይቻላል። ጤፉ ቀድሞውንም ጠቆር ያለ ከሆነ መብሰሉ በቀለም አይለይም፤ ጠርዙን ሲነኩት ጠንከር ማለቱን ይዩ።
6. ቴምሩን በሞቀ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥልሉትና ከኦቾሎኒ ቅቤው ጋር ይውቀጡት ወይም ይፍጩት። ሌላ ስኳር አይጨምሩበት።
7. ብስኩቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በአንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቀብተው ሌላውን ይደርቡበት።

ደጋ ላይ ሲጋገር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝም ይበልጥ ይለጠጣል። ቤኪንግ ፓውደሩ ከበዛ ብስኩቱ ተነፍቶ ይሰነጠቃል፤ ከላይ መጠኑ ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሊጡ ቶሎ ስለሚደርቅም ሸፍኖ ማሳረፉን አይዝለሉት።

አንዱ ምን ያህል ይይዛል?

ከላይ በተጻፈው መጠን ከተጋገረና 20 ከወጣው፣ አንዱ ድርብ ብስኩት 13 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬትና 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይኖረዋል። ሲኒው ሰፊ ሆኖ 12 ብቻ ከወጣ ግን የአንዱ ካርቦሃይድሬት ከ20 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ስንት እንደወጣ ይቁጠሩ።

ይህ ብስኩት «ከስኳር ነፃ» አይደለም። 100 ግራም ቴምር ከ60 ግራም በላይ የራሱ ስኳር አለው። ልዩነቱ መጠኑ መታወቁ፣ ያልተነፋው ዱቄትና ቴምሩ አሰር መያዛቸው፣ ኦቾሎኒው ደግሞ የስኳሩን ወደ ደም መግባት ማዘግየቱ ነው።

የደም ስኳራቸው የተስተካከለ አብዛኞቹ አዋቂዎች አንዱን ያለ ችግር መብላት ይችላሉ። የሚከተሉትን ግን ያስተውሉ፦

• ጾሙን በጣፋጭ አይፍቱ። መጀመሪያ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ከጎመን ጋር ይብሉ። ብስኩቱ በስተመጨረሻ ይሁን።
• ብስኩቱን በምግቡ ላይ ከመጨመር ከእንጀራው ጥቂት ቀንሰው በምትኩ ይብሉት።
• አብሮት የሚጠጡት ቡና ወይም ሻይ ያለ ስኳር ይሁን። ሁለት ማንኪያ ስኳር ብቻውን 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው።
• መለኪያ መሣሪያ ካለዎት ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ከ180 ሚግ/ዴሊ በታች ቢሆን ይመረጣል። ሐኪምዎ የተለየ ቁጥር ከሰጡዎት እሱን ይከተሉ።

ስኳር ሲወርድ ብስኩት አይሆንም

ብዙ ታማሚዎች «ስኳሬ ቢወርድ» ብለው ብስኩት በኪሳቸው ይይዛሉ። ባለ ክሬም ወይም ባለ ኦቾሎኒ ብስኩት ግን ለዚህ አይመከርም። ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ ላብ ማለት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎት፣ ወይም ልኬቱ ከ70 ሚግ/ዴሊ በታች ከሆነ፦

1. 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ወዲያውኑ ይጠጡ።
2. ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ካልተስተካከለ ይድገሙት።
3. ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ብስኩት መብላት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቢያጋጥምም አይጠብቁ። ቅዳሴ ላይ ቢሆኑም እንኳ ወጣ ብለው ይጠጡ።

ጾሙን ከመጀመርዎ በፊት

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ይመጣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቶቹ ምግብ ባይኖርም ስኳርን ማውረዳቸውን ይቀጥላሉና። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ያስተካክሉ። በራስዎ ውሳኔ ኢንሱሊን አያቋርጡ። ለነፍስ አባትዎም ሕመምዎን ይንገሩ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚ እንደ አቅሙ እንዲጾም ትፈቅዳለች፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ተከልክሎ ምግብን በሰዓቱ መብላት ለብዙዎች የሚስማማ መንገድ ነው።

ሌላ የጤና ችግር ካለ

• ግሉተን የተከለከለ ሰው፦ ስንዴውን ትተው በጤፍ ብቻ ይሥሩት። ጤፍ ግሉተን የለውም። ዱቄቱ ግን ስንዴ ባልተፈጨበት ወፍጮ የተፈጨ ሊሆን ይገባል። ሊጡ እንዳይፈረፈር ተልባውን ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉት።
• የኩላሊት ሕመም፦ ቴምርና ኦቾሎኒ ፖታሲየም ስላላቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።
• የኦቾሎኒ አለርጂ፦ በምትኩ የተቆላና የተፈጨ ሱፍ ይጠቀሙ።

ለቤተሰብ

ለታማሚው ብቻ ለብቻ ከመጋገር ለሁሉም አንድ ዓይነት መጋገር ይሻላል፤ ማንም ስኳር ማብዛት አይጠቅመውም፣ ታማሚውም አይገለልም። ሰሐኑን ሙሉውን ከማቅረብ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ያቅርቡ። «ትንሽ ብትበይ ምን ይልሻል» እያሉ አይጫኑ። የስኳር መውረድ ምልክቶችንም ሁሉም የቤቱ ሰው ይወቅ።

ታማሚው ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አይጨምሩ፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኝተው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የደም ስኳሩ ከ250 ሚግ/ዴሊ በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም በፍጥነት መተንፈስ ካለም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።