ተጨማሪ መረጃ፦ የብስክሌት ኮምፒዩተር ርቀትን እንዴት ያውቃል?

ከወልድያ እስከ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ያለው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ጉዞውን ለመመዝገብ ውድ ጂፒኤስ የግድ አያስፈልገውም፤ የጎማ ዙር የሚቆጥረው ርካሹ ኮምፒዩተር ይበቃዋል፣ ልኩ በትክክል ከተሞላለት። በጎማው ሽቦ ላይ የምትታሰር ማግኔት በመቁጠሪያው ፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ዙር ይመዘገባል፤ ኮምፒዩተሩም የዙሩን ብዛት በጎማው መጠነ ዙሪያ ያባዛል። ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዲያሜትሩ 66 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በስሌት 2.07 ሜትር ገደማ ዙሪያ አለው፤ ነገር ግን በጋላቢው ክብደት ስለሚጨመቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ከዚህ ያንሳል። የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መርሳ እስኪደረስ ወደ 700 ሜትር ይጠጋል! ጎማውን በደንብ ነፍቶ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ዙር መሄድና መሬቱን በሜትር መለካት (ረዳት ያስፈልጋል) ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይሻላል።

ጂፒኤስ ካርታና ከፍታ ያሳያል የሚለው ክርክር እውነት ነው። ወልድያ ከመርሳ ከፍ ስለምትል መልሱ ዳገት ይበዛዋል፤ ፍጥነቱን ብቻ ያየ ሰው ጉልበቴ ደከመ ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ሆኖም መሄጃውንና መልሱን ለየብቻ መዝግቦ መልስን ከመልስ ጋር ማወዳደር ይህን ክፍተት በአብዛኛው ይሞላል። ደግሞም ጂፒኤስ ቦታን ነጥብ በነጥብ ይዞ በቀጥታ መስመር ስለሚያገናኝ፣ ነጥቦቹ ሲራራቁ ጠመዝማዛውን መንገድ ያሳጥረዋል። ቶሎ ቶሎም ቻርጅ ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለወራት የምታገለግል ትንሽ ክብ ባትሪ ቀላል ጥቅም አይደለችም። በወልድያ አቅራቢያ ያለውን የድልብን ዳገት ለመውጣት ለሚለማመድ ግን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ዋጋውን ያወጣል።