የቆየ ድረ ገጽን ለእጅ ስልክ ማስማማት

ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ በምሥራቅ ወለጋ ጊዳ አያና ወረዳ በምትገኘው አንገር ጉቲን፣ እንደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሁሉ፣ ለአብዛኛው ሰው ኢንተርኔት ማለት የእጅ ስልክ ነው፤ ተማሪ የብሔራዊ ፈተና ውጤቱንና የዩኒቨርሲቲ ምደባውን፣ ሥራ ፈላጊም የቅጥር ማስታወቂያውን የሚያየው በዚያው ነው። ይሁን እንጂ ቀደም ብለው የተሠሩ ድረ ገጾች ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ሰፊ ስክሪን የታሰቡ በመሆናቸው፣ በስልክ ሲከፈቱ ጽሑፋቸው እንደ ጤፍ ይደቃል፤ አንባቢው አንዷን አንቀጽ ለመጨረስ ገጹን ደጋግሞ ማጉላትና ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ግድ ይሆንበታል።

የዚህ ምክንያቱ ቀላል ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ሲያወጣ፣ የስልኩ ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ስፋቱ ያልተነገረውን ገጽ ሁሉ 980 ፒክስል እንደሆነ ቆጥሮ አሳንሶ እንዲያሳይ ተደረገ፤ ፒክስል የስክሪን ምስል የሚዋቀርባት ትንሿ ነጥብ ናት። ስለሆነም የመጀመሪያው ጥገና ገጹ የስልኩን ስፋት እንዲከተል የሚያዝዝ፣ ቪውፖርት የሚባል አንድ መስመር በገጹ ኮድ ራስጌ ላይ መጨመር ነው። ቀጣዩ እርምጃ ኢታን ማርኮት የተባለው የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው አሠራር ሲሆን፣ በዚህ አሠራር የዓምዶች ስፋት በቁርጥ ፒክስል ሳይሆን በመቶኛ ይወሰናል፤ ስክሪኑ ሲጠብም ጎን ለጎን የነበሩት ዓምዶች አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ። ይህ የዓምዶች አደራደር የሚታዘዘው የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ቋንቋ በመሆኑ፣ በአብዛኛው ይዘቱን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

በአማርኛ ገጾች ላይ ግን ከስፋቱ የከፋ ችግር አለ፤ እርሱም ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ጽሑፍ የተዘጋጀው እያንዳንዱ የመጻፊያ ፕሮግራም የራሱን ፎንት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጠ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ በኮምፒውተር ላይ ፎንቱን መጫን ይቻል የነበረ ቢሆንም በስልክ ግን ለተራው ተጠቃሚ ቀላል አይደለም። ከዚህ ለማምለጥ ጽሑፉን በፎቶ ወይም በስካን ፒዲኤፍ መልክ የለጠፉ መሥሪያ ቤቶችም ቢሆኑ ችግሩን መልኩን ቀየሩት እንጂ አልፈቱትም፤ ፎቶ የሆነ ጽሑፍ ከስክሪኑ ጋር አይታጠፍም፣ በፍለጋም በቀላሉ አይገኝም። መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥና የተለወጠውን ሰው ቃል በቃል እንዲያርመው ማድረግ ነው። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ሆኖም ረጃጅም ቃላቱ ከጠባብ ስክሪን ጠርዝ እንዳያልፉ ቃል እንዲቆረጥ በሲኤስኤስ መፍቀድ ያስፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍ መጠንም ከላቲኑ በመጠኑ ከፍ ሊል ይገባል፤ ምክንያቱም ነ ከኘ፣ ሰ ከሸ፣ ደ ከጀ የሚለየው በአናቱ ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት።

ሌላው ጉዳይ የገጹ ክብደት ነው። ከካሜራ በቀጥታ የወጣ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ ሲይዝ፣ ለስልክ የሚበቃው 800 በ600 ግን 480 ሺህ ብቻ፣ ማለትም የዚያን አንድ ሃያ አምስተኛ ይይዛል። ትርፉን የሚከፍለው በገንዘቡ ዳታ የገዛው አንባቢ በመሆኑ፣ ፎቶን ሳያሳንሱ መለጠፍ በሰው ኪስ ላይ ማዘዝ ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ገደማ እንደተቋረጠው ያለውን መዘጋት ማንኛውም የገጽ ጥገና አይፈታውም፤ ኔትወርኩ ደክሞ ሲሠራ ግን ቀላሉ ገጽ ይከፈታል፣ ከባዱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ብዙ ተቋማት የቆየ ገጻቸውን ትተው ማስታወቂያቸውን ወደ ቴሌግራምና ፌስቡክ ማዞራቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ከወራት በፊት የወጣ መመሪያ በዚያ የመልእክት ጎርፍ ሥር ስለሚቀበር፣ ሰነዱ ቋሚ አድራሻ ባለው ገጽ ላይ ተቀምጦ ሊንኩ በቴሌግራም ቢላክ ይሻላል። ለዚህም አዲስ መተግበሪያ ማሠራት አያስፈልግም፤ መተግበሪያ ማውረድን፣ የስልክ ማከማቻ ቦታንና ተደጋጋሚ ማደሻን ስለሚጠይቅ ለአንድ ማስታወቂያ ሲባል ይህን የሚሸከመው ጥቂት ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያሠሩ ኃላፊዎች ገጹን ከመረከባቸው በፊት በቢሮ ዋይፋይና በባለሙያው ኮምፒውተር ላይ በሚያዩት ብቻ ሳይረኩ፣ በርካሽ ስልክና በተራ የሞባይል ዳታ፣ ቢቻል ከዋና ከተማ ርቀው እንደ አንገር ጉቲን ባለ ቦታ ከፍተው ሊፈትሹት ይገባል።