«ሰመር ይለፍና እጽፋለሁ»

አገር ቤት ሳለሁ ክረምት የጽሕፈት ወቅት ነበር። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ሰው ወደደም ጠላም ቤቱ ይከተታል። በቆሎ እየጠበሱ ደብተር ይዞ ከመቀመጥ በቀር የት ይኬዳል? በጋዜጠኝነት ዘመኔ ረዘም ረዘም ያሉ ጽሑፎቼን የጨረስኩት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው።

እዚህ አሜሪካን አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ጠበቀኝ። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ የእነርሱ ፀሐይ ነው። ሰመር ሲመጣ ሰው ከቤቱ ይወጣል እንጂ አይገባም። ግንቦት ላይ በልጆች ምርቃት ይጀመራል። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ክርስትና፣ በመሐሉ መልስና ቅልቅል። በጁላይ 4 ሰሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር አለ። ኳሱን ብሎ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ የቀረነው የጠፋ ወዳጅ ፍለጋ ነው የምንጓዘው። ከዚያ ሲመለሱ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሳሎን ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ ላይ ሥራ አለ። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ማስተርስ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ፣ እኔ መሪ ላይ ተሰቅለናል። ሰመር ለታክሲ ነጂ መኸር ነው፤ ያኔ ያልሰበሰበ ሰው በበረዶው ወራት የቤት ኪራይ ሲጠየቅ መድረሻ ያጣል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምዘረዝረው ምክንያት ለመደርደር አይደለም። ምክንያቴ ምን እንዳስከፈለኝ ልነግራችሁ ብዬ ነው።

የጋሼ ቀጠሮ

በምኖርበት ከተማ አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸው እንዲነሳ ቤተሰባቸው ስላልፈለገ ጋሼ ብዬ ልለፈው። ጋሼ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ለረጅም ዘመን ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችን ስልክ ነካ ነካ አድርገው የሚጽፉትን፣ ያኔ ፊደል ለቃሚ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድረው ነበር። የፈረንጁ ፊደል 26 ነው። የእኛ ዋናዎቹ 33 በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ጋሼ ሳያዩ ነበር የሚያነሷቸው። የደረደሩትንም እንደ መስተዋት ምስል ተገልብጦ እያለ ያነቡታል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አንድ ሌሊት ተለቅሞ ያለቀ ገጽ እንዲፈታ ትእዛዝ መጣ። «የፈታሁት በዚህ እጄ ነው» ይሉኝ ነበር። «ምን ይል እንደነበር ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ቁጭ ብለህ ጻፈው እንጂ እንዲህ ቆመን የሚወራ አይደለም።»

ክረምቱ ይለፍ፣ የታክስ ወቅት ይለፍ፣ ፋሲካ ይለፍ እያልኩ ሰኔ ደረሰ። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኙኝ።

«ታዲያ ደብተርህን የምታመጣው መቼ ነው?»

«ሰመር ይለፍና፣ ጋሼ። ሥራው አላፈናፍን ብሎኝ ነው።»

«እኔ እኮ ሰማንያ ሦስት ሞላኝ» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ስደርስ ልጃቸው በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «ይሰማሉ፤ ሰውም ይለያሉ። መናገር ግን አልቻሉም» አለችኝ። ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። በግራ እጃቸው እጄን ያዙኝ። የምለው ጠፋኝ።

በእጄ የቀረው፣ ወሬያቸውን በሰማሁ ቁጥር በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የጫርኳቸው ዘጠኝ ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው።

ጊዜ ወይስ ወረቀት?

ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ ገጣሚው ነቢይ መኮንን ነው። በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ያን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነበር። ለእርሱ ጊዜ ተርፎት ወረቀት ጠፋ። እኔ ወረቀት ሞልቶኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ። ለመሆኑ ማናችን ነን እስረኛ?

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕም 33 ዓመት የፖስታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀርብና ሰዓቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል። ከዚያ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። እርግጥ በጠዋት የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው፤ ለዚሁ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። እኔን የሚቀሰቅሰኝ የመኪና ዕዳ ነው። ሩብ ሰዓቱ ግን የእኔም ሩብ ሰዓት ነው።

እናም ጀመርኩ። በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ሳለሁ ስልኬን አጠፋና ሩብ ሰዓት እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት አረፍተ ነገር፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ዘንድ ሄጄ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ። ልክ ሲሆን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስሳሳት የአልጋውን ብረት በግራ እጃቸው ያንኳኳሉ። ባለፈው እሑድ ለፊደል ለቃሚዎች ስለሚታደለው ወተት የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ አንኳኩተው ሦስት ጊዜ አሳረሙኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አራሚ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደዚያ ገጽ ስደርስ፣ «ስለ ወሎው ረሃብ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አላንኳኩም፤ አልነቀነቁምም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም አልደገምኩም።

ሰመሩ እነሆ አልፏል። ሠርጉ ተበልቷል፣ ኳሱ አልቋል፣ እንግዳውም ሻንጣውን ሞልቶ ተመልሷል። ያ ገጽ ግን አልተጻፈም። እናንተም በየከተማችሁ «ቁጭ ብለህ ጻፈው» ያሏችሁ እናትና አባት አይጠፉም። መቅጃው በየኪሳችን ነው። ዛሬ ማታ ሩብ ሰዓት ስጧቸው።

ቸር ያሰንብተን።