ዋሺ በኅትመት ጥበብ

ዋሺ በጃፓን አገር ከተክል ልጥ በእጅ የሚሠራ ባሕላዊ ወረቀት ነው። ስሙ «ዋ» (ጃፓናዊ) እና «ሺ» (ወረቀት) ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ነው። ዋሺ ለጽሕፈት፣ ለተንሸራታች በርና መስኮት፣ ለመጻሕፍት ጥገናና ለሥዕል ያገለግላል። የካትሱሺካ ሆኩሳይና የኡታጋዋ ሂሮሺጌ ዝነኛ የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች የታተሙትም በዚሁ ወረቀት ላይ ነው።

ዋሺ የአንድ ወረቀት ስም ሳይሆን የብዙ ወረቀቶች የወል ስም ነው። ለአንዱ የኅትመት ዘዴ የሚስማማው ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ ያለ ቦታው የተመረጠ ወረቀት ይቀደዳል፣ ቀለም ያፈስሳል ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበልዛል። ስለዚህ ወረቀት የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ያጣራል፦ ወረቀቱ ከየትኛው ተክል እንደተሠራ፣ ሙጫ የጠጣ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም ቃጫው እንዴት እንደተቀቀለና ወረቀቱ እንዴት እንደደረቀ።

በብዙ አገሮች ዋሺ «የሩዝ ወረቀት» እየተባለ ይጠራል። ይህ ግን የተሳሳተ ስም ነው፤ ዋሺ ከሩዝ ተክል አይሠራም። አንዳንድ ወረቀት ሠሪዎች ወረቀቱን ለማንጣትና ለማለስለስ ጥቂት የሩዝ ዱቄት ይጨምሩበታል እንጂ የወረቀቱ አካል ልጥ ነው።

ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የወረቀት ሥራ ከቻይና ተነሥቶ በኮሪያ በኩል ወደ ጃፓን ተሻገረ። «ኒሆን ሾኪ» የተባለው የጃፓን ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በ610 ከኮሪያው የጎጉርዮ መንግሥት የመጣ ዶንቾ የሚባል መነኩሴ ወረቀትና ቀለም የመሥራት ዕውቀት ነበረው። በጃፓን ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ወረቀቶች መካከል ዘመናቸው በትክክል የታወቀው ጥንታዊዎቹ በ702 የተጻፉ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ሲሆኑ፣ የሚገኙትም በናራ ከተማ በሾሶኢን ግምጃ ቤት ነው። ከ764 እስከ 770 ባለው ጊዜ ደግሞ ንግሥት ሾቶኩ አንድ ሚሊዮን ትንንሽ የእንጨት ፓጎዳዎች አሠርታ በየፓጎዳው የታተመ የቡድሂስት ጸሎት እንዲቀመጥ አደረገች። እነዚህ ጸሎቶች በዓለም ላይ ከተረፉት እጅግ ጥንታዊ የኅትመት ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ።

በኤዶ ዘመን (1603–1868) የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ተስፋፋ። በ1765 ሱዙኪ ሃሩኖቡ «ኒሺኪ-ኤ» የተባለውን ባለ ብዙ ቀለም ኅትመት አስተዋወቀ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የተቀረጸ ሰሌዳ ስላለው አንድ ወረቀት እንደረጠበ አሥር ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይታሻል፤ በየጊዜውም በትክክል በቀድሞው ቦታው ላይ መዋል አለበት። ሳይቀደድና ሳይበላሽ ይህን ሁሉ የሚችል ወረቀት ባይኖር ኖሮ ጥበቡ በዚህ መልክ ባላደገ ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ነጋዴዎች የጃፓን ወረቀት ወደ አውሮፓ ይወስዱ ነበር። ሠዓሊው ሬምብራንት ከ1647 ገደማ ጀምሮ አንዳንድ የመዳብ ሰሌዳ ሥራዎቹን በዚሁ ወረቀት ላይ አትሟል። የወረቀቱ ለስላሳ ፊት ከመዳቡ ላይ ቀለሙን በጥቂት ግፊት ስለሚቀበል ጥላዎቹ የጠለቁና የለሰለሱ ሆነው ይወጣሉ።

አሠራር

ቅርንጫፎቹ በክረምት ተቆርጠው በእንፋሎት ከተቀቀሉ በኋላ ልጣቸው ይገፈፋል። ጥቁሩ የውጭ ቅርፊት ተፍቆ ነጩ የውስጥ ልጥ ይቀራል። ይህ ልጥ በአመድ ውኃ፣ በሶዳ ወይም በኖራ ይቀቀላል፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ቁርጥራጭና እድፍ በእጅ ይለቀምለታል። በመጨረሻ ቃጫው እርስ በርሱ እስኪላቀቅ ድረስ ይወቀጣል። የሚወቀጠው እንዲለያይ እንጂ እንዲቆራረጥ ስላልሆነ የቃጫው ርዝመት ይጠበቃል።

የተወቀጠው ቃጫ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይበተናል፤ «ኔሪ» የተባለ ዝልግልግ ፈሳሽም ይጨመርበታል። ኔሪ የሚወጣው የባሚያ ዘመድ ከሆነው ከ«ቶሮሮ-አኦይ» ሥር ነው። እንደ ተልባ ውኃ ስለሚዝለገለግ ረጅሞቹ ቃጫዎች እንዳይጠላለፉና ወደ ታች እንዳይዘቅጡ ያደርጋል። ሠሪው ከቀርከሃ ሰበዝ የተሠራ ወንፊት በክፈፍ ይዞ ውኃውን ደጋግሞ ይቀዳል፣ ያናውጣል፣ ትርፉንም ይደፋል። በየቅጂው አንድ ስስ ንጣፍ በሌላው ላይ ይደረባል። «ናጋሺዙኪ» የሚባለው ይህ ዘዴ ስስ ሆኖም ጠንካራ ወረቀት ይሰጣል። በመጨረሻም ወረቀቶቹ ተጭነው ውኃቸው ይወጣል፤ በእንጨት ሰሌዳ ወይም በሞቀ ብረት ላይ ተለጥፈውም ይደርቃሉ።

ሦስቱ ተክሎች

ኮዞ፦ ከሾላና ከዋርካ ጋር በአንድ የተክል ቤተሰብ የሚመደብ ቁጥቋጦ ነው። ቃጫው በአማካይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ተራ የፋብሪካ ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ቃጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የኮዞ ወረቀት ስስ ቢሆንም በቀላሉ አይቀደድም፤ እርጥብ ሆኖ መታሸትንም ይችላል። በብዛት የሚሠራውና ለጀማሪም የሚመከረው ይኸው ነው።

ሚትሱማታ፦ ቃጫው አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ወረቀቱ ፊቱ የተስተካከለ ነው፤ ቀጫጭን መስመሮችንም በግልጽ ይቀበላል። የጃፓን የገንዘብ ኖቶች ከሚሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ሚትሱማታ ነው። ከኮዞ ያነሰ ጥንካሬ ስላለው ግን እርጥብ ሆኖ ብዙ ጊዜ ለሚታሽ ሥራ አይመረጥም።

ጋምፒ፦ ወረቀቱ የሐር ዓይነት አንጸባራቂነት አለው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ነፍሳትንም ይቋቋማል። ሙጫ ሳይጠጣ እንኳ ቀለም ብዙም አያፈስስም። ተክሉ ለእርሻ አስቸጋሪ በመሆኑ ከዱር ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ዋጋው ውድ ነው። ጉድለቱ ውኃ ሲነካው መጨማደዱ ነው።

ሙጫ የጠጣና ያልጠጣ ወረቀት

አብዛኛው ዋሺ ከሠሪው እጅ የሚወጣው ሙጫ ሳይጠጣ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት የውኃ ቀለም ሲነካው ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ ይሰራጫል። በቻይና ቀለም የሚሠሩ ሠዓሊዎች ይህን መሰራጨት ሆን ብለው ይፈልጉታል፤ ለእንጨት ቅርጽ ኅትመት ግን ችግር ነው። ስለሆነም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተፈላ ሙጫ ከአሉም ጋር ተቀላቅሎ በሰፊ ብሩሽ ይቀባል። ይህ ቅብ «ዶሳ» ይባላል።

የዶሳው መጠን ለውጤቱ ወሳኝ ነው። ሲያንስ የወረቀቱ ቃጫ እየተነሣ በሰሌዳው ላይ ይጣበቃል፣ የቀለሙም ጠርዝ ይደበዝዛል። ሲበዛ ወረቀቱ ቀለሙን አልጠጣ ይላል፤ ሥራውም ነጠብጣብ ይሆናል። ከዚህም በላይ አሉም አሲድነት ስላለው ከመጠን ሲያልፍ ወረቀቱን በጊዜ ብዛት ያደክመዋል። ሙጫ መኖሩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ የውኃ ጠብታ ማሳረፍ ነው፤ ወዲያው ከሰረገ ሙጫ አልጠጣም፣ ቆሞ ከቆየ ጠጥቷል።

ለየኅትመቱ ዓይነት የሚስማማው

በውኃ ቀለም ለሚሠራ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት፦ በተለምዶ የሚመረጠው በፉኩዪ ግዛት በኤቺዜን የሚሠራው «ሆሾ» ነው። ሆሾ ወፍራም፣ ነጭና ለስላሳ የኮዞ ወረቀት ሲሆን ስሙን ያገኘው ቀድሞ የመንግሥት ትእዛዝ ይጻፍበት ስለነበር ነው። በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነው «ባሬን» በተባለ ማሻ ሲታሽ ቀለሙን ወደ ውስጡ ይስባል። ውፍረቱ ቀለም ሳይቀባ በጫና ብቻ ቅርጽ ለማውጣትም ይመቻል። ለዚህ ሥራ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ያስፈልጋል።

በዘይት ቀለም ለሚሠራ የእንጨትና የሊኖሊየም ኅትመት፦ የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ስለማይሰራጭ ሙጫ ያልጠጣ የኮዞ ወረቀት ይበቃል፤ ማርጠብም አያስፈልግም። በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 60 ግራም ገደማ የሚመዝን ወረቀት በማንኪያ ጀርባ ታሽቶ ሊታተምበት ይችላል። ስስ በመሆኑ ቀለሙ መያዙን ከጀርባው ማየት ስለሚቻል ማተሚያ መሣሪያ ለሌለው ተማሪ የሚመች ነው።

ለመዳብ ሰሌዳ ኅትመት፦ ወረቀቱ ረጥቦ በከባድ ጫና ስለሚያልፍ ሙጫ ያልጠጣ ስስ ወረቀት ብቻውን አይመከርም። የተለመደው መፍትሔ «ሺን ኮሌ» የተባለው ዘዴ ነው። ስስ የጋምፒ ወይም የኮዞ ወረቀት በሰሌዳው ልክ ይቆረጥና ጀርባው ሙጫ ይቀባል። ከዚያም ሙጫው ወደ ላይ ሆኖ ቀለም በተቀባው ሰሌዳ ላይ ይነጠፋል፤ በላዩም ወፍራም እርጥብ ወረቀት ይደረባል። በአንድ ጫና ሥዕሉ ሲታተም ሁለቱ ወረቀቶች ይጣበቃሉ። ጥቃቅኑን መስመር ስሱ ወረቀት፣ ጫናውን ደግሞ ወፍራሙ ይሸከማል።

ጥራትን መለየት

በመለያው ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ዋስትና አይሆንም። «ሆሾ» ተብለው ከሚሸጡት ወረቀቶች ብዙዎቹ በማሽን ከእንጨት ቃጫ የተሠሩ ናቸው። ለልምምድ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን ሲረጥቡ ይደክማሉ። በሚከተሉት ምልክቶች ወረቀቱን መመርመር ይቻላል።

• ጠርዙ ሲቀደድ፦ ረጅም ቃጫ ያለው ወረቀት ጠርዙ እንደ ላባ ይበተናል፤ አጭር ቃጫ ያለው አጭርና ደፍን ጠርዝ ይተዋል።

• በብርሃን ፊት ሲያዝ፦ በቀርከሃ ወንፊት የተሠራ ወረቀት የሰበዞቹን መስመር ያሳያል።

• ሁለቱ ፊቶች ሲዳሰሱ፦ በማድረቂያው ላይ ተለጥፎ የነበረው ፊት ለስላሳ ነው፤ ብሩሽ ያለፈበት ሻካራ ነው። ኅትመት በአብዛኛው በለስላሳው ላይ ይሆናል።

• አቀቃቀሉ ሲጠየቅ፦ የአመድ ውኃ ለቃጫው የዋህ ነው። ኃይለኛ ኮስቲክ ሶዳና በክሎሪን ማንጣት ግን ወረቀቱን ቶሎ ያነጡታል እንጂ ዕድሜውን ያሳጥሩታል።

• የቃጫው ምንጭና መጠን ሲጠየቅ፦ «ኮዞ ያለበት» ማለትና «ኮዞ ብቻ» ማለት አንድ አይደሉም።

አያያዝ

ሙጫ ያልጠጣ ዋሺ በውኃ ውስጥ አይነከርም፤ ሲያወጡት ሊበጣጠስ ይችላል። በየጥቂት ወረቀቱ መካከል የረጠበ ወረቀት እያስገቡ ክምሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማሳደር የተለመደ ነው፤ እርጥበቱ በሁሉም ላይ እኩል ይሰራጫል። የረጠበ ወረቀት መጠኑ ስለሚሰፋ ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሌዳ ድረስ እርጥበቱ ሳይለወጥ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ቀለሞቹ ከቦታቸው ይወጣሉ። ለቀናት ረጥቦ የቆየ ክምር ሻጋታ ያበቅላል። ውድ ወረቀት በብዛት ከመግዛት በፊትም በአንድ ቅጠል ላይ መሞከር ይገባል።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

ከሜይጂ ዘመን ወዲህ በማሽን የሚሠራው የምዕራባውያን ዓይነት ወረቀት ገበያውን ያዘ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ የነበሩት ወረቀት ሠሪ ቤተሰቦች ዛሬ ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም። የቀርከሃ ወንፊት ሠሪዎችና የቶሮሮ-አኦይ ገበሬዎችም እየቀነሱ መጥተዋል።

በሌላ በኩል ጥበቡን ለመጠበቅ የተደረጉ ጥረቶች አሉ። የጃፓን መንግሥት በኤቺዜን ሆሾ የሚሠሩትን ዘጠነኛውን ኢዋኖ ኢቺቤኢን በ2000 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ ሰይሟል፤ ስምንተኛው ኢዋኖ ኢቺቤኢም ቀደም ሲል ይኸው ማዕረግ ነበራቸው። ዩኔስኮ በ2014 የሴኪሹ-ባንሺ፣ የሆን-ሚኖሺና የሆሶካዋ-ሺ ወረቀቶችን አሠራር በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ሦስቱም የሚሠሩት ከኮዞ ብቻ ነው።

ለኅትመት ሠዓሊ የዚህ ጥበብ መዳከም የዕለት ጉዳይ ነው። አንድ የወረቀት ዓይነት ሲቋረጥ በእሱ ላይ ተለክቶ የኖረው የቀለም፣ የእርጥበትና የጫና መጠን እንደገና መፈለግ ይኖርበታል።